በማን ላይ እንሥቃለን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሣቅ የሚጽፍ ሰው ያሥቃል ብለህ ተስፋ አታድርግ። ስለ ወጥ አሠራር የሚጽፍ ሰው የአንባቢውን ሆድ አያጠግብም፤ እኔም እንዲሁ ነኝ። ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ መጀመሬን በሰማች ጊዜ፣ «አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ጨዋታህ አንድ ቀን እንኳ ሳይጥመኝ፣ አሁን ደግሞ ለሰው ልጅ ልታስተምር ተነሣህ?» አለችኝ። መልስ ስላጣሁ ሣቅሁ፤ እርሷም ሣቀች፤ እኔም ብዕሬን አነሣሁ።

የነገሩ መነሻ የልጅ ልጄ ነው። ባለፈው ክረምት በዲላ መናኸሪያ አካባቢ መሬት ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡት መጻሕፍት መካከል አንዲት ስስ የቀልድ መጽሐፍ ገዝቶ መጣና፣ «አባባ፣ ይህን ያንብቡና ትንሽ ይሣቁ፤ ሁልጊዜ ፊትዎን እንደ ፈተና ወረቀት ለምን ያጥፉታል?» ብሎ ሰጠኝ። እኔም እንደ ልማዴ እርሳስ ይዤ አነበብኋት። መምህር የነበረ ሰው ጡረታ ቢወጣም እርሳሱ ጡረታ አይወጣም። ሳነብ ሳለሁ በእያንዳንዱ ቀልድ ጎን የሚሣቅበትን ሰው ማንነት መጻፍ ጀመርሁ። ገረድ፤ ባላገር፤ ሚስት፤ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ፤ ከአንድ የአገራችን ማዕዘን መጥቶ አማርኛ የሚያበላሽ ሰው፤ እንደገና ገረድ፤ እንደገና ያው አማርኛ የሚያበላሽ ሰው። መጽሐፊቱ ባለቀች ጊዜ የጻፍሁትን ብመለከተው የተዋረዱ ሰዎች መዝገብ ሆኖ አገኘሁት። ባለሥልጣን በመካከሉ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ እርሱም ቢሆን ሞቶ የተቀበረ ባለሥልጣን ነው። አሳታሚው ጠንቃቃ ሰው መሆን አለበት።

በሽፋኑ ላይ የአለቃ ገብረ ሐና ስም በትልቅ ፊደል ተጽፏል። በዚህ አለመቆጣት አልቻልሁም። አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩ የጎንደር ሊቅ ናቸው። ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ምኒልክ የነበሩትን ነገሥታት አይተዋል፤ የተክሌ አቋቋም የሚባለው የማሕሌት ሥርዓትም ከእርሳቸው ተነሥቶ በልጃቸው በተክሌ ስም እንደ ተጠራ ይነገራል። ይህን ያህል ሊቅ የነበሩ ሰው ዛሬ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት በማሕሌታቸው ሳይሆን በቀልዳቸው ነው። ይህ ባልከፋ ነበር፤ የከፋው ወላጅ ያጣ ቀልድ ሁሉ ሄዶ እርሳቸው ደጅ መጠጋቱ ነው። በልጅ ልጄ መጽሐፍ ውስጥ አለቃ አውቶቡስ ተሳፍረው ከረዳቱ ጋር ስለ መልስ ሳንቲም ይጨቃጨቃሉ። አውቶቡስ የሚባል ነገር በአገራችን ሳይታይ ያረፉ ሰው ናቸው። እንግዲህ ከመቃብር ተነሥተው ተሳፍረው እንደ ሆነ፣ ከመልሱ ሳንቲም ይልቅ ስለ ትንሣኤያቸው ቢነገረን በወደድን ነበር።

የአለቃ ናቸው ተብለው ከሚነገሩት መካከል ግን በእውነት የሚደነቁ አሉ። እነርሱም በቤተ መንግሥትና በመሳፍንት ግብር ላይ የተነገሩት ናቸው። በጌታ ፊት የሚቀልድ ሰው የቀልዱን ዋጋ በራሱ አንገት ያስይዛል። ንጉሡ ከሣቀ ተረፈ፤ ንጉሡ ካልሣቀ ግን ተሰደደ። ስለዚህ ቃሉን ይመርጣል፤ ያሽሞነሙናል፤ ሰሙን ከላይ ወርቁን ከታች አድርጎ ያቀርበዋል። ያ ድካም ነው ለዛ የሚሆነው። በገረድ ላይ የሚቀልድ ሰው ግን ምን ያስይዛል? ገረዷ ብትቆጣ ከሥራ የምትባረረው እርሷ ናት። ዋጋ ያልተከፈለበት ቀልድ እንዴት ለዛ ይኖረዋል? ሌላም የምወድላቸው አለኝ፤ አለቃ ራሳቸው የሚሸነፉባቸውን፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ ወይም አንድ ስሙ የማይታወቅ ባላገር መልስ አሳጥቶ የሚሰዳቸውን ጨዋታዎች ማለቴ ነው። ሕዝቡ እኒህን ጠብቆ ማቆየቱ ራሱ አንድ ፍርድ ነው፤ ሊቁን ይወዳል፤ ነገር ግን ሊቁ አንድ ቀን በገበሬ አፍ ሲረታ ማየትም ይወዳል። አሳታሚያችን እነዚህን ትቷቸዋል።

አሁን ይህን ያህል ለምን እንደምቆጣ ልንገርህ።

እኔ የተወለድሁት በጌዴኦ ምድር፣ በእንሰትና በቡና መካከል ነው። አማርኛን ያገኘሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ከእናቴ ጡት የጠጣሁት ቋንቋ ሌላ ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት ከባሕር ማዶ የመጡ መምህራን ነበሩ። ደጎች ነበሩ፤ አማርኛቸው ግን እንደ ተሰበረ ገል ነበር። «ጠ»ን «ተ»፣ «ቀ»ን «ከ» ይሉ ነበር፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጉ ነበር። እኛ ተማሪዎች በዚህ ፈጽሞ አንሥቅም። ለምን ብትለኝ፣ የሣቀ ይገረፋል። ፈረንጁ አማርኛ ሲያበላሽ ሁሉም ሰው «ጎበዝ! እንዴት ፈጥኖ ለመደ!» ብሎ ያደንቃል። ያንኑ ስሕተት፣ ያንኑ ቃል፣ በባዶ እግሩ ከገጠር የመጣ የጌዴኦ ልጅ ሲያበላሸው ግን ክፍሉ በሙሉ ይሥቃል፤ የአገራችን ሰው የሆነው መምህርም አብሮ ይሥቃል። እኔም ተሥቆብኛል። አንድ ጊዜ ዳይሬክተሩን በሴት አንቀጽ ስለ ጠራሁ ወር ሙሉ ስሜ ጠፍቶ በዚያች ቃል ተጠራሁ። እንግዲህ በልጅነቴ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ሰው የሚሣቅበት በስሕተቱ ሳይሆን በጫማው ነው።

በዚያው ትምህርት ቤት የኤዞፕን ተረቶች አንብበናል። ኤዞፕ በትውፊት ባሪያ እንደ ነበረ ይነገራል። መምህራችን ይህን ሲነግረን በብዙ አላሰበበትም፤ እኔ ግን አሰብሁበት። ባሪያ ጌታውን «ተሳስተሃል» ማለት ስለማይችል አንበሳና አይጥ አገናኝቶ ያወራል። ጌታው ይሥቃል፤ ማታ ግን በአልጋው ላይ ተገላብጦ «አንበሳው ማን ይሆን?» ብሎ ሳያስብ ይቀራል? ቀልድ በመጀመሪያ የደካማ ሰው መሣሪያ እንደ ነበረ የምገምተው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ጉልበተኛው ቀልድ ለምን ያስፈልገዋል? ጉልበት አለው እኮ።

ነገር ግን ተሥቆብኝ ያደግሁ ሰው በማንም እንዳልሥቅ ሆኜ ወጣሁ ብዬ ብነግርህ ውሸታም እሆናለሁ። በ1975 ዓ.ም. ከዲላ ወጣ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከቡሌ ደጋ የመጣ አንድ ልጅ ነበረኝ፤ በሒሳብ የሚስተካከለው አልነበረም። አንድ ጧት ወደ ክፍል ስገባ ቀድሞ ብድግ አለና በታላቅ አክብሮት፣ «እንደምን አደርሽ፣ መምህር?» አለኝ። እኔም፣ ያ ዳይሬክተሩን በሴት አንቀጽ የጠራሁት እኔ፣ ቀሚስ የለበስሁ መስዬ ሱሪዬን በሁለት እጄ ከፍ አደረግሁና በቀጭን ድምፅ «ደኅና ነኝ፣ ጌታዬ» ብዬ መለስሁለት። ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ። በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ቀን አሥቄ አላውቅም። ልጁ ተቀመጠ። በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ወደ ቤቱ ሰው ልኬ ነበር፤ «ቡና ለቀማ ላይ ነው» አሉኝ። የቡና ለቀማ ወቅት ግን አልነበረም።

ባለቤቴ «ጨዋታህ አልጣመኝም» ስትለኝ መልስ ያጣሁት ስለዚህ ነው።

ደግሞ በሌላ በኩል የተሣቀብኝን ልንገርህ፤ ሚዛኑ እንዲታይህ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እንዲሰጥ ታስቦ ነበር፤ ጌዴኦኛም አንዱ ነበረ። እኔ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ አባቴን የሚያህሉ ገበሬዎች በማታ ተሰብስበው በፋኖስ ብርሃን እንዳስተምራቸው ተመደብሁ። መጽሐፉን ከፈትሁ። የእናቴ ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ማንበብ አቃተኝ። ተንተባተብሁ፤ ጥብቁን አላላሁ፤ ላላውን አጠበቅሁ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ቋንቋችንን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ጥለኸዋል መሰለኝ፤ ነገ አብረን እንፈልገው» አሉ። ሁሉም ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። በማግስቱ እኒያ ሽማግሌ ፊደሉን ከእኔ፣ እኔ አነጋገሩን ከእርሳቸው ተማርን። የእርሳቸው ቀልድና የእኔ ቀልድ ሁለቱም በቋንቋ ስሕተት ላይ የተነገሩ ናቸው። የእኔው ልጁን ከክፍል አስወጣው፤ የእርሳቸው ግን እኔን ወደ ቤቴ መለሰኝ።

ይህን ከነገርሁህ በኋላ ስለ ሥነ ጽሑፋችን ጥቂት ልናገር፤ ርእሴ እርሱ ነበርና።

በአማርኛ ተውኔት ውስጥ ሣቅን በጥሩ ስፍራ ያስቀመጠው መንግሥቱ ለማ ነው ብዬ አምናለሁ። «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የሚባሉት ኮሜዲዎቹ በ1950ዎቹ የተደረሱ ናቸው። በለንደን የተማረ ሰው ነው፤ ነገር ግን ፈረንጅ አገር ደርሶ እንደ ተመለሰ ብዙ ሰው በአገሩ ባላገር ላይ አልሣቀም። ይልቁንም የሣቀው በእነዚያ ደርሰው በተመለሱት ላይና በዘር በሚኮሩት ላይ ነው። ጠለፋን ያህል ክፉ ልማድ በስብከት ብትነቅፈው ሰው ያዛጋል፤ ጠላፊው መሣቂያ ሆኖ መድረክ ላይ ሲታይ ግን በማግስቱ ልጃገረድ ሊጠልፍ ያሰበ ጎበዝ ትንሽ ያመነታ ይመስለኛል። በ«ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ አንድ የተማረ የትልቅ ቤተ ሰብ ልጅ ገረዱን ሲያገባ እናያለን፤ የሚሣቀውም በገረዷ ሳይሆን ጋብቻው አያምርም በሚሉት ላይ ነው። በልጅ ልጄ መጽሐፍ ውስጥ ገረድ የማታልቅ መሣቂያ እንደ ሆነች አስታውስ። መንግሥቱ ቀልዱን ገልብጦ ባለቤቶቹ ላይ አዞረው።

ነቀፌታም አለኝ። እንደኔ አስተያየት በዚያ ተውኔት ውስጥ ጋብቻው የተማረው ሰው በጎ ሥራ ሆኖ ይታያል እንጂ የሴቲቱ ምርጫ ሆኖ ብዙ አይሰማም። እርሷ ስለ እርሱ ምን ትሥቅ ነበር? ጌታው ያገባት ሴት ጓዳ ገብታ ከጎረቤት ገረድ ጋር ስትጨዋወት የምትለውን ለመስማት ብዙ በከፈልሁ ነበር። ያ ጨዋታ ገና አልተጻፈም። ከእናንተ ከወጣቶቹ መካከል አንዷ ትጽፈው ይሆናል።

ከመንግሥቱ ሥራዎች ሁሉ ግን በእርጅናዬ የማነበው፣ እርሱ ራሱ የማይናገርበትን ነው፤ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ»ን ማለቴ ነው። በ1959 ዓ.ም. የታተመ ነው። ልጅ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በድምፅ መቅጃ ተቀብሎ፣ አባት እንደ ተናገሩት አድርጎ ጻፈው። በለንደን የተማረው ልጅ ዝም ብሎ አባቱን ማዳመጡ ራሱ ይገርመኛል። በአነጋገራቸው ውስጥ ሽማግሌ ሰው ይሰማል፤ ያቋርጣል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተማሪነት ዘመኑን ሲያነሣ ይሞቀዋል። እኔ ራሴ ሽማግሌ እስክሆን ድረስ ይህ መመላለስ የመጽሐፉ ጉድለት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ዕድሜ የሚያስበው እንዲህ እንደ ሆነ ዐወቅሁ።

ስለ እርጅና ከጻፉት የውጭ ሰዎች መካከል ሮማዊው ሲሴሮ በሚሲዮን ቤት ይነገርልን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ እርጅና አንድ መጽሐፍ ጻፈና ንግግሩን የ84 ዓመት ሽማግሌ በሆነው በካቶን አፍ አደረገው። ካቶን ስለ እርሻ ደስታ ሲናገር ጌዴኦ ይመስለኛል፤ ተክል ሲያድግ ማየት ለሽማግሌ ከሁሉ የሚበልጥ ደስታ ነው ይላል። በዚህ እስማማለሁ፤ እንሰት ተክሎ ዓመታት የሚጠብቅ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ያ ካቶን በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ በራሱ ላይ አይሥቅም! ጉልበቱ ሲንቋቋ አይሰማውም፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቤቱን ሙሉ አይፈልገውም። መነጽር አልነበረም ትለኝ ይሆናል። እሺ፤ በትሩን በእጁ ይዞ በትሩን አይፈልግም። እንዲህ ያለ ሽማግሌ አላየሁም፤ ባየውም አብሬው ቡና አልጠጣም።

እርጅና ያለ ቀልድ አይገፋም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ጊዜ በሕይወት መኖሬን እንዳስመሰክር ተጠይቄ ነበር። በመስኮቱ ፊት ቆሜ ለጸሓፊው፣ «ልጄ፣ ይኸው ቆሜአለሁ» አልሁት። ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «መቆምዎ አይበቃም፤ ማስረጃ ያስፈልጋል» አለኝ። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩ አንዲት የቀድሞ ነርስ፣ «እኔ እመሰክርለታለሁ፤ ሲያማርር ጧት ሰምቼዋለሁ፤ የሞተ ሰው አያማርርም» አሉ። ጸሓፊው ያን ጊዜ ቀና አለ፤ ፈገግ አለ፤ ወንበርም አመጣልን። ማስረጃው ግን አልቀረልኝም፤ በማግስቱ ይዤ ሄድሁ።

ስለ መንግሥት የሚነገር ቀልድ ሌላ ጠባይ አለው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አቤ ጉበኛ «አልወለድም» የሚለውን መጽሐፍ በ1955 ዓ.ም. አወጣ። በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ ግፍ በበዛበት ዓለም ውስጥ አልወለድም ብሎ ይሟገታል። አስበው፤ ገና ያልተወለደ ሰው አቤቱታ ሲያቀርብ! መጽሐፉ ወዲያው ታገደ። እኔ ካነበብሁት በኋላ ያገኘሁበት ጉድለት ምሬቱ ከጨዋታው መብዛቱ ነው፤ በመጀመሪያው ሐሳብ የሣቀ አንባቢ እየቆየ ይደክመዋል። ነገር ግን ያን ሐሳብ ያገኘ ሰው ምንጊዜም ሊከበር ይገባዋል። በተጨማሪም ከሳንሱር ጋር እየታገለ የሚጽፍን ሰው «ለምን የበለጠ አልተጫወትህም?» ማለት፣ የሚሮጥን ሰው ለምን አካሄድህ አያምርም እንደ ማለት ነው።

በደርግ ዘመን ቀልዱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ቡና ስኒ ገባ። አንድ ማታ ጎረቤቶቻችን ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን አንዱ ስለ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ቀለደ። ማንም አልሣቀም። ሁላችንም በሩን አየን። ከዚያም እርስ በርሳችን ተያየን። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ከመካከላችን በጣም የሚፈራው ሰው በድንገት ሣቀ፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ሣቅን። ሣቃችን ከቀልዱ በኋላ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው። እናንተ ዛሬ በስልካችሁ የምትሣቁት ሣቅ ፈጣን ነው፤ በዚህ እቀናለሁ።

ነገር ግን በስልካችሁ ላይ ያለውን ሁሉ አላመሰግንም። የልጅ ልጄ አንዳንዱን ያሳየኛል። የአንዱ ወገን ሰው የሌላውን ወገን አነጋገር፣ አለባበስ፣ አበላል እያስመሰለ ያሥቃል። አብሮ አደግ ጎረቤቶች ፊት ለፊት ሲቀላለዱ ይህ ነገር ጨው አለው፤ እኔም ከሲዳማውና ከጉጂው ወዳጆቼ ጋር ስቀላለድ ኖሬአለሁ። ፊት ለፊት ስለ ሆነ መልሱን እዚያው እቀበላለሁ፤ ብዙ ጊዜም የምሸነፈው እኔ ነኝ። በስልክ ላይ ግን የሚሣቅበት ሰው የለም፤ መልስ የሚሰጥም የለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ያን መከራ ቀልድ አመጣው አልልም፤ ምክንያቱ ብዙና ከባድ ነው። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ጆሮዬ የሚሰማው ቀልድ እየከረረ ሄዶ ነበር። ሰው የሚቀልድበትን ጎረቤቱን በስሙ መጥራት ትቶ በጅምላ መጥራት ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ እርሳሴን አንሥቼ በጎኑ አልጻፍሁም፤ እንደ ሌላው ሰው ሣቅሁ።

ተፈናቃዮቹ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ በሰፈሩ ጊዜ ልብስና ብርድ ልብስ ይዘን ወደ አንዱ አዳራሽ ሄድን። በወለሉ ላይ ሰው ከሰው ተደርቦ ተኝቷል። አንዲት አሮጊት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ለመጋቢው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «ለአዳር ጸሎት አትመጪም እያልህ ስትወቅሰኝ ኖርህ፤ ይኸው አሁን ወር ሙሉ አደርሁልህ፤ ረካህ?» መጋቢው አለቀሰም ሣቀም፤ በዙሪያው የነበረው ሰው ሁሉ ሣቀ። ሕፃናቱ ምን እንደ ሆነ ሳይገባቸው ሣቁ። የልጅ ልጄን መጽሐፍ ከዚያ ንግግር ጋር በሚዛን ላይ ሳስቀምጣት ነፋስ የሚወስዳት ሆና አገኛታለሁ።

አባቶቻችን በሶንጎ ሥር ተቀምጠው ነገር ሲያዩ እኔ ልጅ ሆኜ ከርቀት እመለከት ነበር። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ ነው፤ ስለ ወሰን፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ደም ይነጋገሩበታል። ነገሩ ሲከር፣ ሁለቱ ተከራካሪዎች ሲነሣሡ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለ ራሱ የሚያሥቅ ነገር ያወራ ነበር፤ በወጣትነቱ ስለ ወሰን ሲከራከር እንዴት የገዛ እንሰቱን እንደ ቆረጠ፣ ወይም አማቱን እንዴት እንደ ፈራ። ስለ ተከራካሪዎቹ አንዳች አይናገርም። እነርሱ ግን ይሥቃሉ፤ ከሣቁ በኋላ ደግሞ ቆመው መቆየት ስለሚያሳፍር ይቀመጣሉ። ይህ ጥበብ በየትኛውም የቀልድ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በገባ ጊዜ ለአንድ የ80 ዓመት ጎረቤቴ የምሥራቹን ብነግራቸው፣ «እስከ ዛሬ ሳንመዘገብ ነው እንዴ ስንገብር የኖርነው?» አሉኝ። የእነዚያ የሶንጎ ሰዎች ወራሽ እንዲህ ነው።

ስለ ዕለት ደስታም ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ግን መስፍን ሀብተ ማርያም «የቡና ቤት ስዕሎችና ሌሎችም ወጎች» በሚለው መጽሐፉ ቀድሞኛል። በቡና ቤት ግድግዳ ላይ ያሉ ሥዕሎችን የሚያህል ተራ ነገር አንሥቶ ሰው እንዲያየው አደረገ። ወግ የሚባለውን የጽሑፍ ዓይነት የወደድሁት በእርሱ ነው። ከቀልድ መጽሐፊቱ የሚለየው ምን እንደ ሆነ ብትጠይቀኝ፣ መስፍን ከሚያያቸው ሰዎች ጋር በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ያቺ መጽሐፍ ግን ከሰገነት ላይ ሆና ትተፋለች። ቡና ቤት ገብተህ ይህን ብታነብ እመክርሃለሁ፤ የቡናውን ዋጋ ግን አስቀድመህ ጠይቅ፤ ቡናው በደጃችን የሚበቅል ቢሆንም ዋጋው ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል።

ዋጋ ካነሣሁ የመጨረሻውን ልንገርህ። ባለፈው ኅዳር ቀይ ቡና በሚገዛበት ሰሞን ወደ ወናጎ ሄጄ ነበር። ከቡና ማጠቢያው በር ላይ አንድ ሸበቶ የጀመረው፣ ጥሩ ኮት የለበሰ ሰው ከሠራተኞቹ ጋር ይነጋገራል፤ ቡና አቅራቢ ነው አሉኝ። አየኝ፤ ንግግሩን አቆመ፤ ቀስ ብሎ መጣ። እኔ አላወቅሁትም ነበር። በፊቴ ቆመና እንደ ተማሪ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ በታላቅ አክብሮት፣ «እንደምን አደርሽ፣ መምህር?» አለኝ።

አርባ ዓመት አልፎ ያች ቃል ያው ነበረች። ዛሬ አማርኛው ከእኔ ይበልጣል፤ ከሠራተኞቹ ጋር ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ምን ልበለው? ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ አልወጣልኝም። ስለዚህ ከዘራዬን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው እጄ የሱሪዬን ጫፍ ትንሽ ከፍ አደረግሁና፣ «ደኅና ነኝ፣ ጌታዬ» አልሁት። ድምፄን ማቅጠን አላስፈለገኝም፤ በእርጅና ራሱ ቀጥኗል።

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ክንዴን ይዞ ወደ ጥላው ወሰደኝና ለሠራተኞቹ፣ «ለመምህሬ ወንበር አምጡ» አላቸው፤ የሒሳቡንም ደብተር አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠና፣ «እስቲ ስሕተት ካለ ያርሙልኝ» አለኝ። እርሳሴን ከኪሴ አወጣሁ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም።